የምኑ ጀርባ?

አንድ ቅጽ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነበር። ከገጹ ግርጌ «ጀርባውን ይመልከቱ» ይላል። ሁለት ቃል ናት። ብዙም ሳላስብባት «ሲ ዘ ባክሳይድ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ሥራው ከአራሚው ተመልሶ ሲመጣ «ባክሳይድ» በእርሳስ ተሰርዞ አጠገቡ «ኦቨርሊፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም አስተያየት አልነበረውም። መዝገበ ቃላት ከፍቼ ሳይ ነው የገባኝ። ባክሳይድ አንድ ላይ ተያይዞ ሲጻፍ ቀድሞ የሚመጣው ትርጉም የሰው መቀመጫ ነው። የወረቀት ጀርባ ልል ፈልጌ የሰው ገላ ላይ አርፌያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለ«ጀርባ» እና ለ«ኋላ» የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላትን መልቀም ልማድ ሆነብኝ። ባገኘሁ ቁጥር ደብተር ላይ አሰፍራቸዋለሁ፤ የት እንዳየኋት፣ ከምን ጋር እንደመጣች፣ ማን ላይ እንደተነገረች ጭምር። ዛሬ ከደብተሩ ውስጥ የምወዳቸውን ላካፍላችሁ ነው።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ብትከፍቱ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ባክ፣ ሪር፣ ቢሃይንድ፣ ሃይንድ፣ ቴይል፣ ስተርን፣ ሪቨርስ፣ ራምፕ፣ ፖስቲሪየር። በመሃላቸው ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። አንዱን አንስቶ በሌላው ቦታ መትከል የሚቻል ይመስላል። እንግሊዝኛ የማስጠናው አንድ ልጅ ይህንኑ አድርጎ ድርሰቱ ላይ «የቤታችን ስተርን» ብሎ ጻፈ። ስተርን የመርከብ ኋላ ነው። ቤት ስተርን የለውም። ለምን እንደመረጠው ስጠይቀው «ባክን ሦስት ጊዜ ጽፌያት ነበር፣ ላለመድገም ብዬ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ አንድ ናቸው ይላል» አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም። ያሳሳተው ዝርዝሩ ነው።

እኔ ከደብተሬ የተረዳሁት ነገር ይሄ ነው፤ እነዚህ ቃላት ተመሳሳይ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው። አንዷ የመርከብ ናት፣ አንዷ የጦር፣ አንዷ የወረቀት፣ አንዷ የእንስሳ። ስለዚህ «ጀርባ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ለሚል ሰው መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የምኑ ጀርባ?

ከሁሉም ሰፊዋ ባክ ናት። ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ መጀመሪያ የሰውና የእንስሳ ጀርባ ነበረች፣ በኋላ የሁሉም ነገር ኋላ ሆነች። የወንበር መደገፊያም ባክ ነው። ቀላል ትመስላለች፤ ችግሩ የሚመጣው ከፊቷ የምትገባው ትንሿ ቃል ላይ ነው።

እኛ «ልጁ ከመኪናው ኋላ ነው» ስንል ልጁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከመኪናው ውጭ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ሰሚው ከሁኔታው ይረዳዋል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ዝም ብሎ አያልፍም። ቢሃይንድ ዘ ካር ካላችሁ ልጁ ውጭ ነው፤ ሾፌሩ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ቢነዳ ይገጨዋል። ኢን ዘ ባክ ኦቭ ዘ ካር ካላችሁ ውስጥ ነው፣ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። አት ዘ ባክ ኦቭ ዘ በስ ካላችሁ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የመጨረሻዎቹ ወንበሮች አካባቢ ነው። ኦን ዘ ባክ ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ከላዩ ላይ ተለጥፏል፣ እንደ ታርጋ ወይም እንደ ማስታወቂያ። በዚህ ላይ አሜሪካውያን ኢን ባክ ኦቭ የሚሉት አላቸው፤ መሃሏ ላይ «ዘ» የለችም፤ ትርጉሙ ቢሃይንድ ነው። እንግዲህ ኢን ዘ ባክ ኦቭ ዘ ካር ውስጥ ነው፣ ኢን ባክ ኦቭ ዘ ካር ውጭ ነው። አንዲት «ዘ» ስትወጣ ልጁ ከመኪናው አብሮ ወረደ። ይህን ልዩነት ሳስጠና ሁልጊዜ ወረቀት ላይ መኪና ስዬ፣ በነጥብ ልጁን እያዟዟርኩ ነው የማሳየው። ያለ ሥዕል አይያዝም።

ወደ መርከብ እንሂድ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ሰፈር ነው። የመርከቡ የኋላ ክፍል ስተርን ይባላል። የቃሉ ሥር ከመምራት ጋር የተያያዘ ነው፤ መሪው ያለው ከኋላ ስለሆነ። «ኮስታራ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ስተርን አለ፤ ያኛው በአጋጣሚ ተመሳሰለ እንጂ ዘመዱ አይደለም። በነገራችን ላይ የመርከብ ቀኝ ጎን ስታርቦርድ የተባለውም በመሪው ምክንያት ነው፤ በድሮ ጊዜ መሪ ሆኖ የሚያገለግለው መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ነበር የሚታሰረው፣ ቃሉም የመሪ ጎን ማለት ነው።

ስተርን ክፍሉ ከሆነ አቅጣጫው አፍት ነው። መርከበኛ ወደ ኋለኛው ክፍል ሲሄድ ወደ ስተርን ሄድኩ ከሚል ይልቅ ወደ አፍት ሄድኩ ይላል። ከመርከቡ ውጭ፣ ከኋላው ባለው ባሕር ላይ ያለ ነገር ደግሞ አስተርን ነው። መርከቡ ራሱ ወደ ኋላ ሲሄድም አስተርን ነው። መርከቡ ሲያልፍ ውኃው ላይ ጥሎት የሚሄደው አረፋማ መንገድ ዌክ ይባላል። ከስተርኑ በላይ ያለው ከፍ ያለ ወለል ፑፕ ነው፤ ከላቲን ፑፒስ የመጣ ነው፣ እሱም ራሱ የመርከብ ኋላ ማለት ነበር። ለአንድ መርከብ ኋላ ይህ ሁሉ ቃል! ግን ሥራቸውን ስታስቡት አይገርምም። ማዕበል መሃል «ኋላ» ብለህ ብትጮህ ሰውዬው የራሱ ኋላ ይሁን የመርከቡ፣ ውስጥ ይሁን ውጭ በምን ያውቃል?

ጦር ውስጥ ደግሞ የምትነግሠው ሪር ናት። በፈረንሳይኛ በኩል «ወደ ኋላ» ከሚለው ከላቲኑ ሬትሮ የመጣች፣ ትንሽ መደበኛ ልብስ የለበሰች ቃል። የኋላ ጠባቂ ጦር ሪርጋርድ ነው። ሪር አድሚራል የሚባለው የባሕር ኃይል ማዕረግም መነሻው ይኸው ነው፤ የመርከቦቹ ጓድ ሲሰለፍ ዋናው አድሚራል መሃል፣ ምክትሉ ፊት፣ ሪር አድሚራሉ ከኋላ ያለውን ክፍል ይመራ ነበር። አማርኛችን እዚህ ጋ አያፍርም። ግንባር እና ደጀን እንላለን። ደጀን ብቻውን ቆሞ «ከኋላ ያለ ደጋፊ ጦር» የሚለውን ሁሉ ይሸከማል፤ ሪር የሚለው ቃል ይህን የድጋፍ ስሜት የለውም፣ ቦታን ብቻ ነው የሚናገረው። ሰው ለሰው «ደጀኔ ነህ» ሲል ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሪርን ትታችሁ ባክን ወደ ግስነት ቀይራችሁ መምጣት አለባችሁ። ባክ ማድረግ መደገፍ ነው፣ ከኋላ መቆም ነው።

ሪር ከሰልፍና ከሕንፃ ጋር ትሄዳለች፤ የኋላ መግቢያ፣ የኋላ ጎማ፣ የኋላ ማሳያ መስታወት። ማስታወቂያና መመሪያ ላይ ትበዛለች። ጓደኛችሁን ስታወሩ ግን ባክ በሏት፣ አለበለዚያ የትራፊክ ደንብ የምታነቡ ነው የሚመስለው። የዚህችው የሬትሮ ዘመድ የሆነች አንዲት ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቃት ይጠቀምባታል፤ አሪርስ። ውዝፍ ማለት ናት፤ ኪራይ ወይም ብድር ሳይከፈል ወደ ኋላ ሲቀር። ዕዳው ከኋላ ቀርቶ እየተከተለ ነው እንደማለት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ሪር ግስ ሆና ስትመጣ ልጅ ማሳደግ ወይም ከብት ማርባት ትሆናለች፤ ፈረስ በኋላ እግሩ ሲቆምም እሷው ናት። ይቺኛዋ ግን ሥሯ ከማንሣት የመጣ ነው፣ ከኋላ ጋር ዝምድና የላትም።

አሁን ወደ ሰው ገላ። እዚህ እንግሊዝኛም አማርኛም እኩል ሀብታሞች ናቸው። የአንገት ጀርባ ኔፕ ነው፣ እኛ ማጅራት እንለዋለን። ለውሻና ለድመት ሲሆን፣ አንገታቸው ጀርባ ያለው ልቅ ቆዳ፣ ስክራፍ ይባላል። የእግር ጀርባ ከጉልበት በታች ካፍ ነው፣ ባት። ከታች ሂል፣ ተረከዝ። ከወገብ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ያለችው ቦታ ደግሞ ስሞል ኦቭ ዘ ባክ ትባላለች፣ «የጀርባ ትንሹ» እንደማለት፤ እኛ ወገብ ብለን እናልፋታለን። የእጅ ጀርባ ስም የለውም፤ እንዲያው ባክ ኦቭ ዘ ሃንድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድን ቦታ አሳምሮ ሲያውቀው «እንደ እጄ ጀርባ አውቀዋለሁ» ይላል። እኛ «እንደ መዳፉ ያውቀዋል» እንላለን። እጁ ያው ነው፣ ተገልብጧል።

ከዚህ ሁሉ ግን ረጅም ሰዓት ያቆየችኝ የጉልበት ጀርባ ናት። ጉልበታችሁን አጠፍ ስታደርጉ ከኋላ የምትሰረጉደውን ቦታ ንኳት። በግራና በቀኝ ሁለት እንደ ገመድ የጠነከሩ ጅማቶች ታገኛላችሁ። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለዚች ቦታ ተራ የዕለት ተዕለት ቃል የለውም። ሐኪሞች ፖፕሊቲያል ፎሳ ይሏታል፣ ሌላው ሰው «የጉልበት ጀርባ» ብሎ ያልፋታል። እኛ ግን አለን፤ ቋንጃ። ቋንጃ ከነጅማቱ ነው። በጦር ወሬ ውስጥ ስንሰማ ያደግነው «ቋንጃውን ብሎ ጣለው» የሚለው አነጋገር እዚችው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚገርመው እንግሊዝኛም ድሮ ነበረው። ሃም የሚባለው ቃል በጥንታዊ እንግሊዝኛ የጉልበት መታጠፊያ፣ የጉልበት ጀርባ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ጭን ሄደ፤ ዛሬ ሃም ሲባል ሰው የሚያስበው የአሳማ ጭን ነው። የድሮው ትርጉም ግን አንድ ቦታ ተደብቆ ቀርቷል፤ ሃምስትሪንግ ውስጥ። የሃም ገመድ፣ የቋንጃ ጅማት። ስፖርተኛ ሲሮጥ ድንገት የጭኑን ጀርባ ይዞ ሲቆም «ሃምስትሪንጉ ተጎዳ» የሚባለው ይኸው ነው። ግስ ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ቋንጃን ቆርጦ ማሽመድመድ ነው፤ ዛሬ በጀት አጥቶ መራመድ ያቃተው ሥራ ላይ ሁሉ ይነገራል። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች፣ አንዲት ሰርጓዳ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጭካኔ። ይህን ያገኘሁ ቀን ማታ ለመተኛት ተቸግሬ ነበር።

ከገላ ሳንወጣ ያቺን የመጀመሪያዋን ስህተቴን እንጨርሳት። መቀመጫን በተመለከተ እንግሊዝኛ እንደኛው ይጠነቀቃል። ሐኪም በተክስ ይላል። እናት ለልጇ ቦተም ትላለች። ሳይባለግ ለመጥቀስ የፈለገ ቢሃይንድ፣ ሪር፣ ባክሳይድ ይላል፤ ሦስቱም «ኋላ» ከማለት አያልፉም። ሲት የሚልም አለ፣ እሱ ቁርጥ እንደኛ «መቀመጫ» ነው። በት የአሜሪካ የቤት ቋንቋ ነው፣ በም የእንግሊዝ። ልብ በሉ፣ በም አሜሪካ ውስጥ ቤት የለሽ ወይም ሥራ ፈት ሰውን የሚያንቋሽሽ ቃል ነው። በት ከመነሻው ወፍራም ጫፍ ማለት ስለሆነ የጠመንጃ ሰደፍም በት ነው፣ የሲጋራ ቁራጭም በት ነው። ራምፕ ደግሞ የእንስሳ ኋላ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1648 በወታደር ተጣርቶ የተባረረውን ፓርላማ ቅሪት «ራምፕ ፓርላማ» ብለውታል፤ ገላው ሄዶ የቀረው ኋላው ብቻ ነው ለማለት።

ሳይንስ የሚያነብ ሰው ካለ ደግሞ ፖስቲሪየር እና ዶርሰል ላይ ቆም ይበል። ሁለቱም «የኋላ» ተብለው ይተረጎማሉ። ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው ልዩነታቸው አይታይም፣ ሁለቱም ወደ ጀርባ ነው የሚያመለክቱት። ዓሣ ላይ ስትሄዱ ግን ይለያያሉ። የዓሣ ፖስቲሪየር ወደ ጅራቱ ነው፣ ዶርሰሉ ወደ ላይ ነው። ከውኃው በላይ ብቅ የሚለው የሻርክ ክንፍ ዶርሰል ፊን የተባለው ለዚህ ነው፤ ጀርባው ላይ ነዋ የበቀለው። «የኋላ ክንፍ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ጅራቱ ሰዶታል። «የጀርባ ክንፍ» ነው መባል ያለበት። ጀርባና ኋላ በአማርኛም አንድ እንዳልሆኑ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ዶርሰል የመጣበት የላቲን ቃል፣ ዶርሱም፣ ወረቀት ላይም ተቀምጧል። ኢንዶርስ ማድረግ ዛሬ አንድን ሐሳብ ወይም ዕጩ መደገፍ ነው። መነሻው ግን ሰነድ ገልብጦ ጀርባው ላይ መፈረም ነው፤ ቼክ ጀርባ ላይ እንደሚፈረመው። ዶሲዬም እንዲሁ ነው፤ በፈረንሳይኛ ዶ ጀርባ ነው፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት የወረቀት ጥራዝ ማለት ነበር። የአንድ የመጽሐፍ ቅጠል ፊት ሬክቶ፣ ጀርባው ቨርሶ ይባላል፤ ይህን የሚሉት መጻሕፍትና የብራና ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። የሳንቲምና የሜዳሊያ ጀርባ ሪቨርስ ነው፤ ሳንቲም አየር ላይ ወርውሮ ዕጣ ለማውጣት ግን ቴይልስ ይባላል፣ ራስና ጅራት። የሸክላ ሙዚቃ ጀርባ ፍሊፕ ሳይድ ነበር፤ የሸክላው ተፈላጊነት ሲቀንስ ቃሉ አብሮት አልጠፋም፣ የአንድ ነገር ሌላኛው ገጽታ ሆኖ ቀረ። የመጽሐፍ ጀርባ ስትሉ ደግሞ የቱን ማለታችሁ ነው? የተሰፋበትና መደርደሪያ ላይ ርዕሱ የሚታይበት ከሆነ ስፓይን ነው፣ አከርካሪ። መጨረሻ ላይ ያለው ሽፋን ከሆነ ባክ ከቨር ነው። የቢላ ጀርባም ስፓይን ነው። ቅጹ ላይ መጻፍ የነበረብኝ ኦቨርሊፍ ደግሞ ከቅጠሉ ማዶ፣ ገልብጡት ማለት ነው። ስም አይደለም፤ ሰው እጁን እንዲያንቀሳቅስ የሚነግር ቃል ነው።

ቴይልን ሳነሳ ጅራት የወለዳቸውን ልጥቀስ። በላቲን ጅራት ካውዳ ነው። ከእሱ በፈረንሳይኛ በኩል ኪው መጣ፣ ሰው የሚቆምበት ሰልፍ። በጣሊያንኛ በኩል ኮዳ መጣ፣ የሙዚቃ መደምደሚያ። ካዋርድ፣ ፈሪ የሚለው ቃልም ከዚያው ነው። «ጭራውን ወሽቆ ሸሸ» የምንለውን ሳስታውስ ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ቲያትር ቤት ደግሞ ኋላ «ላይ» ነው። የመድረኩ የኋላ ክፍል አፕስቴጅ፣ ከተመልካቹ የሚቀርበው ዳውንስቴጅ ይባላል። ድሮ መድረክ ተመልካች እንዲያይ ተብሎ ወደ ኋላው ከፍ እያለ ነበር የሚሠራው። አንድ ተዋናይ ወደ አፕስቴጅ ከሄደ አብሮት የሚጫወተው ሰው እሱን ለማናገር ለተመልካቹ ጀርባውን መስጠት አለበት። በዚህ ምክንያት አፕስቴጅ ማድረግ የሌላውን ሰው ትኩረት መንጠቅ ሆነ። አንድ ግስ ውስጥ የወለሉ ቁልቁለት፣ የሰዎቹ አቋቋምና ቅናታቸው ሁሉ አለ።

ባክን ይዘው የተፈጠሩ ድርብ ቃላትም እንዲሁ የድሮ ቦታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ባክሎግ፣ የተጠራቀመ ሥራ የምንለው፣ ምድጃ ውስጥ ከኋላ በኩል የሚጋደም ትልቅ ግንድ ነበር። ባክፋየር፣ አሁን ያሰቡት ነገር ተገልብጦ በራስ ላይ ሲመጣ የሚባለው፣ እየገሰገሰ የሚመጣን ሰደድ እሳት ለማስቆም ከፊቱ ሆን ተብሎ የሚለኮስ እሳት ነበር። ሃይንድሳይት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ማስተዋል ነው፤ መጀመሪያ የጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ነበር። ከዚያው ከሃይንድ ቤተሰብ የሆነው ሂንደር ማደናቀፍ ነው፣ ወደ ኋላ ማስቀረት።

ሰው የሚሳሳትባቸው ግን ግሶቹ ናቸው። ባክ ዳውን፣ ባክ ኦፍ፣ ባክ አውት፣ ባክ አፕ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን «ወደ ኋላ አለ» ብለን እንጨርሳቸዋለን። ባክ ዳውን ያለ ሰው ክርክር ላይ ነበር፣ ለቀቀ። ባክ ኦፍ ያለ ሰው ተጠግቶ ወይም ተጭኖ ነበር፣ ራቅ አለ። ባክ አውት ያለ ሰው ቃል ገብቶ ነበር፣ ቃሉን አጠፈ። እነዚህን ማደባለቅ ሰውን ያለ ስሙ መጥራት ነው፤ የተሸነፈውን ከሃዲ፣ የታገሰውን ፈሪ ታደርጉታላችሁ። ባክ አፕ ደግሞ ከሌሎቹ ተለይቶ ይደግፋል፣ ትርፍ ቅጂ ያስቀምጣል፣ መኪናም ወደ ኋላ ይነዳል።

እስካሁን ስለ ቦታ ነው ያወራሁት። ጊዜ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። «በፊት» ስንል ያለፈ ነው፣ «በኋላ» ስንል ገና የሚመጣ ነው። ቃል በቃል ካየነው ያለፈው ፊታችን ነው፣ የሚመጣው ጀርባችን ነው። ዞር ብለን ደግሞ «ወደፊት» ስንል የሚመጣው ነው፣ «ወደ ኋላ መለስ ብለን» ስንል ያለፈው ነው። አንዱ ፊት ላለፈውም ለሚመጣውም ይሠራል! እንግሊዝኛ ትክክል እንደዚሁ ነው። ቢፎር ውስጥ ያለው ፎር ፊት ነው፣ ያለፈውን ይናገራል፤ ፎርዋርድ ውስጥ ያለውም ያው ፎር ነው፣ የሚመጣውን ይናገራል። አፍተር የመርከቡ የአፍት ዘመድ ነው፣ ኋላ ማለት ነው፣ ግን የሚመጣውን ይናገራል። እኔ እንዲህ ነው የምፈታው። ቀኖቹን እንደ ተሰለፉ ሰዎች ካሰባችኋቸው ቀድሞ የመጣው ፊት ነው፣ ተከታዩ ኋላ ነው። ራሳችንን መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ካሰብን ደግሞ ያለፍነው ኋላችን ነው፣ የምንደርስበት ፊታችን ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሁለቱንም ሥዕል ይዘዋል። ለዚህ ነው የረቡዕ ስብሰባ በእንግሊዝኛ «ሁለት ቀን ሙቭ ፎርዋርድ ሆኗል» ሲባል አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ዓርብ ብሎ የሚመጣው። እንደዚህ ያለ መልእክት ስጽፍ ቃሉን ትቼ ቀኑን ብቻ እጽፋለሁ። ፑሽ ባክ ሆነ ሲባል ግን ስብሰባው ዘገየ ማለት ነው፣ እዚያ ላይ ብዙ ክርክር የለም።

ስተርን ወደጻፈው ልጅ ልመለስ። በሚቀጥለው ቀን ድርሰቱን ይዞ መጣ። ስተርንን በሪር ቀይሮታል። የቤታችን ሪር። ስህተት አይደለም፣ ግን የቤት ሽያጭ ሰነድ ይመስላል። እንግሊዝኛውን ዘጋሁትና «እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ?» አልኩት። አትክልት አለ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ እሱና እህቱ ኳስ የሚጫወቱበት ነው። «እና ቤት ውስጥ ሆናችሁ ምን ትሉታላችሁ?»

«ጓሮ።»

ለካ ከመጀመሪያውም ጓሮ ሊል ነው የፈለገው። «የቤታችን ጀርባ» ያለው ለእንግሊዝኛ እንዲመች ብሎ ነው። ለጓሮ ደግሞ እንግሊዝኛ የራሱ ቃል አለው፣ አሜሪካዊው ባክያርድ፣ እንግሊዙ ባክ ጋርደን ይለዋል። ልጁ ላጲሱን አንስቶ ሪርን አጠፋት። ባክያርድ ብሎ ጻፈ። አራተኛዋ ባክ ሆነች፣ ግን ስለ መድገም አላነሳም።